ገጹን ለማጣራት ነው

የጋሽ አበረን መሞት ያወቅሁት በመልክ በማላውቃቸው በአንዲት የፎገራ ገበሬ ምክንያት ነው። ሰኞ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ያ ስልክ በሳምንት አንድ ቀን ቢጮህ ነው፤ ሲጮህም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ስለዚህ አራት ጊዜ እስኪጠራ ቆይቼ አነሳሁት።

«እዛ ዩኒበርስቲው ነው?» አለኝ የአሮጊት ድምፅ።

«ነው እናቴ፤ ምን ልታዘዝ?»

«ያ ሰውየ ትላንት አልደወለም።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አበረ ነዋ! እሁድ እሁድ ኸቅዳሴ መልስ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ትላንት ስጠብቅ ዋልሁ። ዛሬ በልጀ አስደወልሁ፤ ይጠራል፤ አያነሳም።»

ጋሽ አበረ ጡረታ ከወጡ ዓመት እንዳለፋቸውና አሁን እኛ ጋ እንደማይሠሩ ነገርኋቸው። ለባለጉዳይ መልስ ስንሰጥ በትሕትና ይሁን ስለሚል የቢሮው መመሪያ፣ በትሕትና ነው የነገርኋቸው።

«ጡረታ የወጣ ሰው ስልክ አይደውልም እንዴ?» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለኸው ወረታ አይደል? ሂድና እየው። ውባለም ምን ነካህ ትልሃለች በለው።»

እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ቀኑን ሙሉ ሥራዬን ስሠራ ዋልሁና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ሄድሁ። ጋሽ አበረ የተከራዩት ክፍል የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚለይበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አከራያቸው ለዘመድ ሠርግ ወጥታ ከሰነበተችበት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መግባቷ ነበር። እሷም አላየቻቸውም። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ፖሊስ ጠርተን አስከፈትነው። ጋሽ አበረ ጋቢያቸውን እስከ ደረታቸው ስበው አልጋቸው ላይ ነበሩ። ስልካቸው ራስጌ ላይ ቻርጀር እንደተሰካ ነው። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ፤ ያለፉትም ቅዳሜ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ጠዋት ብሄድም ያው ነበር ማለት ነው። ይህንን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርሁት፤ አላጽናናኝም።

ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሌላ ከተማ ነው፤ ወረታ ያለው፣ ለፎገራ ሜዳ ገበሬ የሚሆን ነገር የሚዘጋጅበት ትንሽ ቢሮ ነው። የእኛ ሥራ በድረ ገጹ ላይ የሚወጡትን የአማርኛ ገጾች ማሰናዳት ነበር፤ ስለ ሩዝ፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ጎርፍ፣ ውሃው ሲሸሽ ስለሚዘራው ጓያና ሽምብራ። እሳቸው አራሚ፣ እኔ ጫኝ። ጫኝ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። «አንተ የመናኸሪያ ጫኝ ነህ፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ሩዝ ይሁን አፈር ሳታይ ታወጣዋለህ» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ እኝህ ሰውዬ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የተወለዱበትን ቂም በእኔ ይወጣሉ እል ነበር።

አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ነው። ልጅ የላቸውም። አባታቸው ደራ ውስጥ ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። ጋሽ አበረም ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀምረው፣ ከዚያ ነው ወደ አስኳላ የዞሩት። አስኳላው ግን የመጀመሪያውን አላስተዋቸውም። «የድረ ገጽ ሕትመት መመሪያና ደረጃ» የሚለውን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ጨርሼ አላነበብሁትም። አንዱ የክፍል ኃላፊ «ፎቶ ለምን አላወጣችሁልኝም?» ብሎ ሲደነፋ፣ ጋሽ አበረ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየጣሉ «አንቀጽ ዘጠኝ፦ ፈቃዱን ያልሰጠ ሰው ምስሉ አይወጣም» ይሉታል፤ ንባብ ይሁን ዜማ ሳይለይ። ሰውዬው ስቆ ይወጣል።

መመሪያው ማንኛውም ገጽ ከመውጣቱ በፊት በሁለት ሰው ይታይ ይላል። ለእሳቸው መታየት ብቻ አይበቃም። «ያልተነበበ አይወጣም» ነው ቃላቸው። ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ሌላ ሰው እየሰማ። አንባቢው እኔ ነኝ፤ ሰሚው የበሩ ዘበኛ አያ ታከለ ነው። ማታ ዘበኛ፣ ቀን ገበሬ ነውና ጠዋት ተራውን ሲያስረክብ ጋሽ አበረ «ና እስቲ፣ አንዴ አረፍ በል» ብለው ያስቀምጡታል። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስጨርስ «ገባህ?» ይሉታል። «እንዲያው ደህና ነው» ካለ አልገባውም ማለት ነው፤ ገጹ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። ስለ ከብት በሽታ የጻፈ አንድ ዶክተር ሦስት ጊዜ ተመልሶበት ተቆጥቶ መጣ።

«ዘበኛ ነው እንዴ የሚያርመኝ?»

«አያርምዎትም ዶክተር፤ ይሰማዎታል እንጂ» አሉት። «ላሚቱ የእሱ ናት።»

ይኸው ዶክተር ነው ትልቁን ነገር ያመጣው። መመሪያው እያንዳንዱ ገጽ ግርጌው ላይ የባለቤቱ ስምና ስልክ ይኑረው ይላል። ዶክተሩ እምቢ አለ። «ስሜን ካስገባሁ ስልክ ሳነሳ ልውል ነው» አለ። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁሉም መጻፍ ይፈልጋል፤ መጠየቅ የሚፈልግ የለም። እኔ ቦታውን ባዶ ትቼ ልጭነው ስል ጋሽ አበረ እጄን ያዙኝ።

«የሚጠየቅበት ሰው የሌለው ወረቀት ሐሜት ነው» አሉኝ። ከዚያ ስለ አባታቸው መጻሕፍት ነገሩኝ። እዚያ ቤት መጽሐፍ ያለ ስም አይዘጋም፤ መጨረሻው ላይ የጻፈው፣ ያጻፈው፣ ያነበበው፣ የሰማው ሁሉ በአንድነት ይማር ዘንድ ይጠየቃል። «ስሙ የሌለ ሰው እንዴት ይማራል?» አሉና የራሳቸውን ስምና የእጅ ስልካቸውን በሕትመቱ ፎርም ላይ ጻፉ። በዚህ ሁኔታ ባለቤት ያጣ ገጽ ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ሠላሳ አንድ ገጽ።

«ጋሽ አበረ፣ የከብት ሕክምና የተማሩት መቼ ነው?» እላለሁ።

«ትናንትና። አንተ ተኝተህ።»

ስልኩም መጣ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ መጣ፤ ምክንያቱም ጋሽ አበረ ገጾቹን እያተሙ በባጃጅ ነጂዎች እጅ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ሩዝ መፈልፈያ ቤቱ ይልኳቸው ነበር፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። «አቤት፣ አበረ ነኝ» ይላሉ። የማያውቁትን አይመልሱም። «ቆየኝ፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብለው መነጽራቸው ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ ዶክተሩን ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሳይመልሱ አያድሩም። የደወለውን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትን። እኔ ይህ ሁሉ ድካም ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር። የአንድ ሰው ሥራ ምን ያህሉ ድካም፣ ምን ያህሉ ምግብ እንደሆነ ከውጭ ሆኖ አይታወቅም።

እመት ውባለም የደወሉትም በዚያ ዘመን ነው። ጥሪውን አስታውሳለሁ፤ ጋሽ አበረ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ስለሚይዙ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«ይኸ መፈልፈያው ላይ ያለው ወረቀት የርስዎ ነው? የሩዙን ዘር ሃያ አራት ሰዓት ዘፍዝፉ ይላል። ሃያ አራት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? የኛ ሰዓት አሥራ ሁለት ላይ ነው የሚያልቅ።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋሽ አበረ አልሳቁም። «እውነትዎን ነው እመት፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «አርመው። ‹ከዛሬ ጠዋት እስከ ነገ ጠዋት› በል። አያ ታከለም ይህንን ሲሰማ ‹እንዲያው ደህና ነው› ብሎን ነበር። ያን ቀን ቸኩለን አልፈነዋል» አሉ። ቀኑን ሙሉ ከፍቷቸው ዋሉ።

ከዚያ አዲሱ መመሪያ መጣ። ከዋናው ግቢ ነው፤ ቁምነገርም ነበረው፤ አሁንም አልክደውም። የሰው ስምና የእጅ ስልክ በገጾች ላይ አይውጣ፤ ሰው ይቀየራል፣ ይለቃል፣ ምሥጢሩም ይጠበቅለት፤ በምትኩ የሥራ ክፍሉ ስም፣ የቢሮ ስልክና ኢሜይል ይግባ ይላል። እኔ ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ገጽ ላይ የአንድ ሽማግሌ ስልክ መደርደሩ ያሳፍረኝ ነበር፤ የሌላውን ዓለም ዩኒቨርሲቲ ገጾች አይቻለሁና የእኛም እንደዚያ ጽድት ብሎ እንዲታይ እፈልግ ነበር። ጋሽ አበረ እንደ ልማዳቸው «አንብበው» አሉኝ። አነበብሁት። አያ ታከለ ካፖርቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰማ።

«ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ አያ ታከለ። «ሰው የለም ማለት ነው።»

ጋሽ አበረ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ የማጽደቂያውን ቅጽ ስበው ፈረሙ። «መመሪያ መመሪያ ነው። ለሌላው ስናዜም ኖረን ለራሳችን ሲሆን ልንዘል ነው? ስሜን አንሳው» አሉኝ። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው ተቀመጡ። መቼም አንድ በአንድ እየከፈትሁ የምሰርዝ መስሏቸው ይሆናል፤ ሠላሳ አንዱንም አብረውኝ ሊያዩ ነበር የመጡት። እኔ ግን አንዱን ቃል በሌላ ቃል በሁሉም ገጽ ላይ በአንዴ የሚተካውን ትእዛዝ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት።

«አለቀ» አልሁ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ» አልሁ፤ በሙያዬ ኮርቼ።

ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። መፈልፈያ ቤት የተለጠፉትንም አዲስ አትሜ በባጃጅ ላክሁ፤ አሮጌዎቹ እንዲነሡ አሳሰብሁ። በዚህስ ጎበዝ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል የድሮውን ቁጥር የያዙ ጥቂት ሰዎች ደወሉ። ከዚያ ቆመ። የቢሮው ስልክ በእነሱ ፋንታ አልጮኸም፤ ገበሬ ስሙን ለማያውቀው ክፍል አይደውልም። ጋሽ አበረ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። «ወዲህ ኔትወርክ የለም እንዴ?» ይሉኛል። «ሙሉ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን «እስቲ ደውልልኝ፣ ጥሪው ተበላሽቶ እንደሆን» አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ደወልሁ። ጮኸ። መልሰው ይዘጉታል ብዬ ስጠብቅ አነሡትና፣ እያዩኝ፣ «አቤት፣ አበረ ነኝ» አሉ።

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። «ይሠራል ጋሼ» አልኋቸው።

«ይሠራል» አሉና ዘጉት።

ጡረታ ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው፤ ዶክተሩ ሳይቀር ጥሩ ንግግር አደረገ። ዓመት ሙሉ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁለት ጊዜ መሆኑን የማልረሳው ጥቂት ስለሆነ ነው። በሁለተኛው ሰማያዊው ደብተር አልጋው ላይ ተከፍቶ አየሁት። «ገና አልተላቀቃችሁም?» ብዬ ቀለድሁ። «መመሪያው በዓመት አንዴ ገጹ ይጣራ ይል የለ?» አሉኝ። እንደ ቀልድ አለፍሁት። ሻይ ላፍላልህ ብለው ሊያቆዩኝ ሞከሩ፤ ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሥራ አልነበረብኝም። ወደ ቤቴ ሄጄ ነው የተቀመጥሁት፤ የእኔ ቤት ነገር ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም።

ሬሳቸውን የወንድማቸው ልጅ ወደ አንበሳሜ ወሰደው፤ አባታቸው ባገለገሉበት ደብር ነው የተቀበሩት። ከቢሮው አያ ታከለና እኔ ነበርን። ከቀብር በኋላ ልጁ ደብተሩን አምጥቶ «ይኸ የመሥሪያ ቤት መሰለኝ» ብሎ ሰጠኝ። መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቁጭ ብዬ አገላበጥሁት።

የፊተኛው ግማሽ የማውቀው ነው፤ የደወሉላቸው ሰዎች ዝርዝር። የኋለኛው ግማሽ የእሳቸው ጥሪ ነው። ስልኩ ሲቆም እሳቸው መደወል ጀምረዋል። በየእሁዱ አርእስቱ አንድ ነው፦ «ገጹን ለማጣራት»። ከሥሩ ስሞች። መጀመሪያ ገጹ ሙሉ ነው። ከጥቂት እሁድ በኋላ ከስሞቹ ጎን ማስታወሻ ይመጣል፦ «ሥራ ላይ ነኝ አለ»፣ «ቁጥሩ ተቀይሯል»፣ «አላወቀኝም»፣ «አያነሣም»፣ «አያነሣም»። «አላወቀኝም» ብለው ለጻፉበት ሰው በሚቀጥለው እሁድ አልደወሉለትም፤ «አያነሣም» ብለው ለጻፉባቸው ግን ሦስት አራት ጊዜ ሞክረዋል። እንደዚያ እያለ ስሞቹ አነሱ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ በየእሁዱ አንድ ስም ብቻ አለ፦ እመት ውባለም። ከጎኑ «ደህና ናቸው» ይላል። ቀጥሎም «ደህና ናቸው»።

ለእመት ውባለም መርዶውን የነገርሁት ከቢሮው ስልክ ነው። ልጆች ሲጫወቱና ላም ስትጮህ ይሰማኛል።

«እኔማ ጠዋት ነበር የነገርሁህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ነው ያረፉት ብዬ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ተውሁት። የት እንደተቀበሩ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«አንበሳሜ ደግ ነው» አሉ። «እዛ ውሃ አይደርስም።»

በመልክ ተያይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንድም ቀን አልተያዩም። «ምን ምን ትነጋገሩ ነበር?» አልሁ።

«ምን እንነጋገራለን? ‹እመት፣ ገጹን ለማጣራት ነው፤ የሩዙ ዘር አሁንም ኸጠዋት እስከ ጠዋት ነው ወይ የሚዘፈዘፍ?› ይለኛል። ‹አሁንም› እለዋለሁ። እሁድ በመጣ ቁጥር። በጋም ክረምትም። ዘር በሌለበት ወር ሁሉ! ኸዚያ ርብ ወንዝ ሞላ ወይ ይላል፤ ወገብዎን እንዴት አደረገዎ ይላል። እኔም ራት በልተህ ነው ወይ የምታድር እለዋለሁ። ይኸው ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሩዙን ገጽ ከፈትሁት። ንጹሕ ነው። ግርጌው ላይ የሥራ ክፍሉ ስም፣ የቢሮው ስልክ፣ ኢሜይሉ፣ የተጣራበት ቀን አለ። መመሪያው የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል። እንደ ድሮው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። የሚሰማኝ አልነበረም፤ አያ ታከለ ተራው አልነበረም።

እሁድ መጣ። ቤቴ ነበርሁ። ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቅሁ፤ ከወጣም በኋላ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ከደብተሩ ላይ ቁጥሩን አይቼ በራሴ ስልክ ደወልሁ። ገና ሁለቴ ሳይጠራ ተነሣ።

«እመት ውባለም፣ እኔ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ልጅ። ስለ ሩዙ ገጽ ነበር። የዘሩ አዘፋዘፍ… ትክክል መሆኑን ለማጣራት ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ወይ ልጀ!» አሉ በመጨረሻ። «አንተም ብቻህን ነህ?»

«ኧረ አይደለም እመት» አልሁ። «ለሥራ ነው።»

«እህ» አሉ። «እሱም መጀመሪያ ለሥራ ነው ብሎኝ ነበር።»